ከውድድር በኋላ በመኪና መስታወት ላይ የቀረ ቁጥር፦ ታጥቦ ይጠፋል፣ ጠዋት ተመልሶ ይታያል

ጠያቂ (ጅማ፣ ሂርማታ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። ጥያቄዬ ለብዙዎቻችሁ ቀላል ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ታግዬበት መላ ስላጣሁ ወደ እናንተ መጥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ከከተማ ወጣ ባለ ሜዳ ላይ፣ እያንዳንዱ መኪና በተራው ሰዓት እየተያዘለት የሚነዳበት አነስተኛ የወዳጅነት ውድድር አድርገን ነበር። መኪናዬ ሥራ የምመላለስባት፣ ልጆች ትምህርት ቤት የማደርስባት ቶዮታ ቪትዝ ናት እንጂ የውድድር መኪና አይደለችም። ሰዓት የሚይዘው ሰው ከሩቅ እንዲለየን ለየመኪናው ቁጥር ተሰጠ፤ የእኔ 38 ነበር። ችግሩ ቁጥሩ በየቦታው የተጻፈው በተለያየ ነገር መሆኑ ነው። በሁለቱ የኋላ በሮች መስታወት ላይ አንዱ ጓደኛችን ከሊስትሮ በገዛው ነጭ ፈሳሽ የጫማ ቀለም፣ በጠርሙሱ ስፖንጅ እያሻሸ፣ አንድ ስንዝር ከሚበልጥ ቁመት ጋር ጻፈልኝ። በኋላው መስታወት ላይ ጥቁር ናስትሮ ቆራርጠን ለጠፍን። በፊት መስታወት የላይኛው ጥግ ላይ ትንሿን 38 የጻፈው ሌላ ልጅ ሲሆን፣ የተጠቀመው ጋራዥ ውስጥ ብረትና ጎማ ላይ ምልክት የሚደረግበትን ነጭ የቀለም ማርከር ነው። ይህም ሳይበቃ፣ ድንጋይ ቢመታቸው ስብርባሪው ሜዳው ላይ እንዳይበተን ተብሎ በፊት መብራቶቹ ላይ ማስኪንግ ቴፕ በመስቀል ቅርጽ ተለጠፈባቸው።

ውድድሩ እሑድ ነበር። ማታ ደክሞኝ ገባሁ፤ ሰኞም ማክሰኞም ሥራ ነበረ፤ እንዲህ እንዲህ እያልሁ ቁጥሩን ለማንሳት የተነሳሁት በስምንተኛው ቀን ነው። እስከዚያ መኪናዋ በር ላይ ቆማ፣ የጅማን ጠባይ ታውቁታላችሁ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ ሲፈራረቅባት ከረመች።

የጫማ ቀለሙ በኦሞና በውኃ ወዲያው ለቀቀ። ጨርሻለሁ ብዬ ገባሁ። በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስወጣ ግን ጤዛ ወርዶ ስለነበር፣ 38 እንደ አዲስ የተጻፈ ይመስል መስታወቱ ላይ ቁጭ ብሏል። ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል፣ በማግስቱ ይመለሳል። በየቀኑ ጠዋት ቁጥሩን በጥንቃቄ እየተከተልሁ በሳሙናና በጨርቅ እፈትገዋለሁ፤ አንድም ቀን አልሰነፍሁም፤ እሱም አንድም ቀን አልቀረም። ናስትሮው ሲነሳ ሙጫውን ጥሎ ሄደ፤ ሙጫው አቧራ እየለቀመ አሁን ቡናማ 38 ሆኗል። የቀለም ማርከሩ ጭራሽ አልተነቃነቀም። የመብራቶቹ ቴፕ ስስበው እንደ ቅጠል እየተሰነጣጠቀ ግማሹ እዚያው ቀርቷል። በዝናብ የወረደው የጫማ ቀለም ደግሞ የመስታወቱን ጥቁር ጎማ ነጭ መስመር አድርጎታል።

አንዱ ጎረቤቴ ቤንዚን፣ ሌላው ቲነር፣ ሦስተኛው የድስት መፈተጊያ ሽቦ ይመክሩኛል። ሦስቱንም ፈራሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ለሥራ ወደ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለብኝ፤ ባለፈው ሰሞን ከተማው ውስጥ እንኳ አንድ ትራፊክ አስቁሞ ስለ ቁጥሩ ጠይቆኝ ነበርና፣ በየኬላው ስለ 38 ማስረዳት አልፈልግም። የሰፈሩ ልጆች ስሜን ትተው «ሠላሳ ስምንት» እያሉ እንደሚጠሩኝ መናገር አያስፈልግም። ልምድ ያላችሁ ብትረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የላቫጆ ሠራተኛ

ወንድሜ፣ ሳትጨነቅ ጨርቅ ላይ ትንሽ ቤንዚን አርገህ ጠረግ ጠረግ አድርገው፤ ሁሉንም ያነሳልሃል። እኛ ዘንድ ለሰርግ ያጌጡ መኪናዎች ሙጫ በሙጫ ሆነው ሲመጡ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ከዚያ በኦሞ አጥበህ በጋዜጣ ብታደርቀው መስታወትህ እንደ አዲስ ይሆናል።

የማስታወቂያና የስቲከር ባለሙያ (ፈረንጅ አራዳ)

ለጠያቂው ወንድማችን ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሙያዬ ስቲከር መለጠፍ ነው ይባል እንጂ፣ ግማሹን ቀን የማሳልፈው ሌላ ሰው የለጠፈውን በማንሳት ስለሆነ ጥያቄዎ በቀጥታ ይመለከተኛል።

ከሁሉ በፊት ስለ ቤንዚኑ አንድ ነገር ልበል። የላቫጆው ወንድማችን እንዳለው ቤንዚን ሙጫን ያነሳል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን እሳት የሚስብ ነገር ነው፣ ቆዳን ያደርቃል፣ በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን ጎማ ደግሞ ይበላዋል፤ ያ ጎማ ውኃና ፀሐይ እንዲችል እንጂ ነዳጅና ዘይት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ስላልሆነ ያብጥና ቦታውን ይለቃል። ጎማው ከለቀቀ በኋላ ዝናብ በሩ ውስጥ ሲገባ ከቁጥሩ የባሰ ጣጣ ይሆናል። ናፍጣና ነጭ ጋዝ ደግሞ ከዚህም በላይ የቅባት ሽፋን ጥለው ይሄዳሉ።

የእርስዎ ነገር አራት የተለያዩ ነገሮች እንጂ አንድ ችግር አይደለም፤ ሰው የሚሳሳተውም ሁሉንም በአንድ መድኃኒት ላድን ሲል ነው።

ከናስትሮው ሙጫ ልጀምር፤ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀው እሱ ነውና። ናስትሮ የተሠራው ሽቦ ላይ እንዲጠመጠም ነው፤ ሙጫው ለስላሳ ስለሆነ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀልጥና ከፕላስቲኩ ተለይቶ መስታወቱን ይይዛል። እንዲህ ያለውን ሙጫ መፈተግ ማለት ማስፋት ማለት ነው። ይልቅ የምግብ ዘይት በሶፍት አርሰው ሙጫው ላይ ይለጥፉት፤ እንዳይደርቅ በላዩ ላይ ስስ ላስቲክ ይሸፍኑበትና ሩብ ሰዓት ይተዉት። ዘይቱ ሙጫው ውስጥ ሲገባ አያያዙን ያላላዋል። ከዚያ በአሮጌ የባንክ ካርድ ጠርዝ ቢገፉት እየተጠቀለለ ይመጣል፤ ሲመጣ ማየት ራሱ ደስ ይላል። የቀረውን ዘይት በላርጎና ለብ ባለ ውኃ ሁለት ጊዜ ያጥቡት፤ በመጨረሻም ንጹሕ ጨርቅ በአልኮል አርሰው ይጥረጉት። ዘይቱ ወደ ጎማው እንዳይወርድ ከሥሩ ደረቅ ጨርቅ ያድርጉ።

የቀለም ማርከሩ በዘይት ቀለም የሚጻፍ ዓይነት ስለሆነ ውኃና ሳሙና አያውቀውም። መስታወት ላይ ብቻ ከሆነ አሴቶን ያነሳዋል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ብለው ከመዋቢያ ሱቅ የሚያገኙት ማለት ነው። ጠብታ እንዳይወርድ በጥጥ ብቻ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠቀሙ፤ አሴቶን የመኪናውን ቀለም በደቂቃ ውስጥ ያበላሸዋል። ካልሆነም አዲስ ምላጭ ይጠቀሙ። መስታወቱን በላርጎ ውኃ በደንብ ያርጥቡት፣ ምላጩን ከመስታወቱ ጋር ተኛ አድርገው ይያዙት፣ ወደ ፊት ብቻ ይግፉት፤ ወደ ኋላ ሲጎትቱት ከሥሩ የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት መስመር ታሰምርብዎታለች። አሮጌና የዛገ ምላጭ አይንኩ።

መብራቶቹን ግን ከሁሉ በላይ ይጠንቀቁላቸው። የዛሬ መኪናዎች የፊት መብራት ሽፋን መስታወት ይመስላል እንጂ ፕላስቲክ ነው። አሴቶን ወይም ቲነር ሲነካው ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፤ ምላጭም ይሞጭረዋል። ማስኪንግ ቴፕ ለቀለም ቀቢ የተሠራ ነው፤ በቀኑ ወይም በማግስቱ እንዲነሳ ታስቦ ስለሆነ ሳምንት ፀሐይ ላይ ሲቆይ ወረቀቱ ይሰባበራል፣ ሙጫውም ይደርቃል። ሰማያዊው ዓይነት እስከ 14 ቀን እንዲቆይ ታስቦ ይሠራል፤ ተራውን ግን አይመኑት። መፍትሔው በፀጉር ማድረቂያ ከአንድ ስንዝር ርቀት ለብ ማድረግ፣ ሲሞቅ ከጥግ ጀምሮ ቴፑን ወደ ራሱ አጥፎ ቀስ ብሎ መሳብ፣ የቀረውን ደግሞ በዘይት ማርጠብና በጥፍር ማንሳት ነው። የፈላ ውኃ እንዳያፈሱበት፤ በተለይ ጠዋት በቀዘቀዘ መስታወት ላይ የፈላ ውኃ ማፍሰስ መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ስለ ጫማ ቀለሙ ከመናገሬ በፊት ሁለት ነገር ይንገሩኝ። የኋላ በሮቹ መስታወት ጥቁር ፊልም አለው ወይ? ጠዋት የሚታየው ቁጥር ነጭ ነው ወይስ ጥርት ያለ?

ጠያቂ (ጅማ፣ ሂርማታ)

በዝርዝር ስላስረዱኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፊልም አለው፤ የተለጠፈው ከውስጥ ሲሆን ቁጥሩ የተጻፈው ከውጭ ነው። ሁለተኛውን ጥያቄዎን ለመመለስ ዛሬ ጠዋት ሆን ብዬ ሄጄ አየሁት። የሚገርመው፣ በግራው በር መስታወቱ በጤዛ ሲሸፈን ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በቀኙ በር ግን መስታወቱ ሁሉ ነጭ ጉም ለብሶ ቁጥሩ ብቻ ጥርት ብሎ በውስጡ ያሳያል። ሁለቱም በአንድ ጠርሙስ፣ በአንድ እጅ የተጻፉ ናቸው። ቀኙን ብዙ የፈተግሁት እኔ ነኝ፤ መኪናዋ ስትቆም ወደ ደጃፋችን የሚዞረው እሱ ስለሆነ ይቀርበኛል።

ሾፌር (አጋሮ መስመር)

አሰላሙ ዓለይኩም። ወንድሞቼ ሁሉ አልኮልና አሴቶን ሲሉ አንብቤ ትንሽ ሳቅሁ፤ እኛ መኪና መንዳት ስንጀምር ሁለቱንም የምናውቃቸው በሐኪም ቤት ብቻ ነበር። እናቶቻችን የፋኖስን መስታወት ከጥላሸት የሚያጸዱት በምን ነበር? በአመድ አይደለም እንዴ? የጥጥ ጨርቅ ይረጥባል፣ በተነፋ አመድ ይነካል፣ ይታሻል፣ በጋዜጣ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ መስታወቱ መኖሩ እንኳ አይታወቅም። እኔ እስከ ዛሬ የፊት መስታወቴ ላይ የነዳጅና የጭስ ቅባት ሲይዝ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ የዝናብ መጥረጊያውም ያለ ጩኸት ይሄዳል።

ለጠያቂው ወንድሜ ግን ከዚህ የሚበልጥ ምክር አለኝ። የፊት መስታወቱን በምላጭ ከመንካትህ በፊት ቦሎህንና የሦስተኛ ወገን መድን ምልክትህን ወረቀት ሸፍንባቸው። የእኔ ልጅ ለእህቱ ሰርግ መኪናዬን ላሳምር ብሎ ያለፈውን ሰርግ ሙጫ በምላጭ ሲያነሳ፣ እጁ ገፋ አለና ቦሎውን አብሮ ላጠው። ልጁ ምንም አልነገረኝም። እኔም ሙሽራ ጭኜ፣ ጥሩንባ እየነፋሁ፣ በሁለተኛው ቀን ትራፊክ ሲያስቆመኝ ነው መስታወቴ ባዶ መሆኑን ያየሁት። ምርመራ ማለፌን የሚያሳይ ደረሰኝ ኪሴ ውስጥ ቢኖርም ምትክ እስካገኝ ድረስ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት ስንት ቀን እንደተመላለስሁ አልናገርም። ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው ብለሃልና፣ ቁጥሩ ቢቀር ምንም አይደለም፤ ቦሎ የሌለበት መኪና ግን የትም አያደርስህም።

የኬሚስትሪ መምህር

እስካሁን የተባለውን በጥሞና ተከታተልሁ። የስቲከር ባለሙያው ስለ ሙጫ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ጠዋት እየተመለሰ ስለሚያስቸግረው ቁጥር ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ጠያቂው በመጨረሻ የጻፉልን አንድ ዝርዝር፣ የግራው ነጭ የቀኙ ጥርት ያለ መሆኑ፣ ነገሩን ሁሉ ይገልጠዋል።

ጤዛ በመስታወት ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚወስነው የመስታወቱ ገጽ ነው። ፍጹም ንጹሕ በሆነ መስታወት ላይ ውኃ ይዘረጋል፤ ስስ ሽፋን ስለሚሆን ብርሃን ሳይሰናከል ያልፍበታል፣ መስታወቱም ጥርት ብሎ ይታያል። ሰም፣ ቅባት ወይም የሳሙና ትርፍ ባለበት ቦታ ግን ውኃው አይዘረጋም፤ በጥቃቅን ነጠብጣብ ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ስለሚበትነው ቦታው ነጭ ይመስላል። የነጭ ጫማ ፈሳሽ ቀለም በውኃ የሚለቅ ነጭ ዱቄት ብቻ ሳይሆን ጫማው ላይ እንዲይዝና እንዲያብረቀርቅ የሚያደርግ ማጣበቂያና ሰም ያለበት ነው። እርስዎ በመጀመሪያው ቀን ያነሱት ዱቄቱን ነው። ሰሙ በዓይን አይታይም፤ ጤዛ ሲነካው ግን ይናገራል። የግራው መስታወት ነጭ ቁጥር ይኸው ነው።

የቀኙ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እዚህ ላይ ጠያቂው ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጥፋቱ የእርስዎው ትጋት ነው። በየቀኑ ቁጥሩን እየተከተሉ ሲፈትጉ የቁጥሩ ሥፍራ ከሰሙ ጸድቶ ፍጹም ንጹሕ ሆነ፤ በዙሪያው ያለው መስታወት ግን ለወራት የተጠራቀመ የመንገድ ቅባት፣ የጭስና የላቫጆ ሳሙና ሽፋን እንደ ለበሰ ቀረ። ስለዚህ ጤዛ ሲወርድ ዙሪያው ነጭ ጉም ይሆናል፣ ንጹሑ 38 ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ቁጥሩን ብቻ እየፈተጉ ቁጥሩን በየቀኑ መልሰው ሲጽፉት ከርመዋል። ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ይርሱት፤ መስታወቱን በሙሉ፣ ከጎማ እስከ ጎማ፣ አንድ ወጥ አድርገው ያጽዱት።

በምን ያጽዱት ለሚለው፣ የአጋሮው ሾፌር አመድ ማለታቸው የሚናቅ አይደለም። የእንጨት አመድ ውስጥ ፖታሽ ስላለ ከቅባት ጋር ሲገናኝ ሳሙና መሰል ነገር ይሆናል፤ ድሮ ሳሙና ይሠራ የነበረውም ከአመድ ውኃና ከጮማ ነው። የእኔ ስጋት ከአመዱ ጋር የሚመጣው አሸዋ ነው። መስታወት በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 5.5 አካባቢ ሲሆን የአሸዋው ኳርትዝ 7 ነው፤ ጠንካራው ለስላሳውን ይሞጭራል። የፋኖስ መስታወት ላይ ጭረት ቢኖር ማንም አያየውም፤ የመኪና የፊት መስታወት ላይ ግን ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት እያንዳንዷ ጭረት እንደ ክር ታበራለች። ከሱቅ የሚገዛው የመጋገሪያ ሶዳ በዚሁ መለኪያ 2.5 አካባቢ ስለሆነ መስታወቱን ሊጭር አይችልም፤ እሱም እንደ አመዱ ቅባትን ይቃወማል። ሶዳውን በጥቂት ውኃ እንደ ቀጭን ሊጥ አሹት፣ በእርጥብ ጨርቅ ክብ ክብ እያሉ ሙሉ መስታወቱን ይሹት፣ በብዙ ውኃ ያለቅልቁት፤ ሲደርቅ በአልኮል ይጥረጉት። የድስት ሽቦውን ወደ ድስቱ ይመልሱት።

መጽዳቱን ለማወቅ ጤዛ መጠበቅ አያስፈልግም። ውኃ ያፍሱበት፤ ሳይቆራረጥ እንደ መጋረጃ አንድ ላይ ከወረደ ጸድቷል፤ ወደ ነጠብጣብ ከተሰበሰበ ቅባት አለበት። ወይም ዝም ብለው እፍ ይበሉበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምርና ላብቃ። ይህ ሁሉ ለመስታወቱ ውጫዊ ገጽ ነው። ከውስጥ ፊልም ስላለ አሴቶንም አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ወደ ውስጥ እንዳይገባ፤ ፊልሙን ያበላሸዋል። በኋላው መስታወት ውስጠኛ ገጽ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ደግሞ የማሞቂያ መስመሮች ናቸው፤ ምላጭ አንዷን ከቆረጣት ያ መስመር መሥራቱን ያቆማል።

የማስታወቂያና የስቲከር ባለሙያ (ፈረንጅ አራዳ)

መምህራችን ለጠየቅሁት ጥያቄ ከእኔ የተሻለ መልስ ሰጥተውበታል። ስቲከር ከነቀልን በኋላ የድርጅቱ ስም ጉም ላይ ሲነበብ ደንበኞች «አልነቀልህልኝም» ብለው ይከራከሩኛል፤ ከዛሬ ጀምሮ እፍ እያልሁ አሳያቸዋለሁ።

ለሚቀጥለው ውድድራችሁ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። መስታወት ላይ በጫማ ቀለም መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም፤ በአሜሪካ መኪናዎች ሁለት ሁለት ሆነው በሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ያህል ቀጥታ መንገድ ላይ በሚወዳደሩበት ጊዜ ነጂው እገባበታለሁ ብሎ የገመተውን ሰከንድ በነጭ የጫማ ቀለም መስታወቱ ላይ ይጽፋል፤ ግምቱ ከዙር ዙር ስለሚለወጥ በቶሎ የሚጠፋ ነገር ያስፈልገዋል። ምሥጢሩም እዚያው ነው፤ እነሱ በዕለቱ ያጠፉታል፣ እናንተ ስምንት ቀን አከረማችሁት። ቋሚ ቁጥር ለሚያስፈልገው ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ በዓለም የራሊ ሻምፒዮና፣ ጎረቤታችን ኬንያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2021 ጀምሮ እንደገና በምታስተናግደው ሳፋሪ ራሊም ጭምር፣ በኋላ የጎን መስታወት ላይ የሚታየው ቁጥር 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ደማቅ ብርቱካናማ ስቲከር ነው። ለእናንተ ያን ያህል ወጪ አያስፈልግም። ፊልም በሌለው መስታወት ከሆነ ቁጥሩን ወረቀት ላይ አትማችሁ ከውስጥ በኩል በአራት ጥግ ለጥፉት፤ ፊልም ካለው ደግሞ በማስኪንግ ቴፕ ከውጭ ጻፉና በዚያው ማታ አንሱት። ናስትሮውን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተዉለት።

ጠያቂ (ጅማ፣ ሂርማታ)

ውጤቱን ላሳውቃችሁ ተመልሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ ጀምሬ እስኪመሽ ሠራሁ።

በመጀመሪያ፣ የአጋሮውን ጋሼ ምክር ሰምቼ ቦሎውንና የመድን ምልክቱን በካርቶን ሸፈንኋቸው። የቀለም ማርከሩ በአሴቶን ለስለስ ካለ በኋላ በአዲስ ምላጭ ሁለት ጊዜ ስገፋው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ፤ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ናስትሮው ግን እንደተባለው ትዕግሥት ጠይቋል። ሶፍቱንና ዘይቱን ለጥፌ ላስቲክ ሸፈንሁበት፤ ባለቤቴ ዘይቱን ለምን እንደፈለግሁት ስትጠይቀኝ «ለ38» ብያት እሷም ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። ሩብ ሰዓቱ ለ3 በቃው፤ ለ8 ግን ሁለት ጊዜ መድገም ነበረብኝ፤ ሁለት ሦስት ድርብ አድርገን የለጠፍነው እሱን ስለነበር ነው። ሙጫው በካርድ ሲገፋ ከያዘው አቧራ ጋር እየተጠቀለለ መጣ።

የጎን መስታወቶቹን መምህሩ እንዳሉት ከጎማ እስከ ጎማ በሶዳ አሸሁ። መጀመሪያ በግራው ላይ ውኃ ሳፈስ የቁጥሩን ሥፍራ ሳይነካ ወደ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ሲወርድ በዓይኔ ስላየሁ፣ ማብራሪያው በደንብ ገባኝ። ከታሸ በኋላ እንደ አንድ ጨርቅ ሆኖ ወረደ። እሑድ ጠዋት ከወትሮው ቀድሜ ተነሳሁና ወጣሁ፤ ጉም ከመሬት አልተነሳም ነበር። የግራው መስታወት ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው። በቀኙ ላይ ከ8 የታችኛው ክብ አንዲት ቅስት በጎማው ጥግ ቀርታለች፤ መስታወቱን ዝቅ አድርጌ ጎማው ውስጥ የተደበቀውን ጫፍ ማሸት ስለ ረሳሁ ነው። ያንኑ ዕለት ጨረስኋት።

የመብራቶቹ ቴፕ በፀጉር ማድረቂያው ለቋል። የጎማው ነጭ መስመር ግን በላርጎና በጥርስ ብሩሽ ስቦርሸው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ሲደርቅ አሁንም ይታያል። በዚህ ላይ የምታውቁት ነገር ካለ ንገሩኝ፤ እኔ ማክሰኞ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ እነሳለሁ፣ ሐሙስ ስመለስ አነበዋለሁ።

ሾፌር (አጋሮ መስመር)

የጎማው አያስጨንቅህ። ሞቅ ባለ ውኃና በሳሙና ደጋግመህ በብሩሽ አሸው፤ የጎማው ገጽ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ዱቄቱ ውስጥ ገብቶ ነው፣ በአንድ ቀን አይወጣም። ዘይት ቀብተህ ላጥቁረው እንዳትል፣ ከላይ ወንድማችን ጎማው ዘይት እንደማይችል ነግሮሃል። በሰላም ግባ፤ ጊቤን ስትወርድ ፍሬንህን አታሙቅ፣ በማርሽ ያዛት።